ኢምቦልክ፦ ከቄጤማው ነቀላ እስከ ማለዳው ጨርቅ

ፌብሩዋሪ ሲገባ በአየርላንድ የሚማሩ ልጆች በሣር የተጎነጎነ ትንሽ መስቀል ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። አራት ክንድ አለው፤ መሐሉ ላይ እንደ ስፌት የተደራረበ አራት ማዕዘን ይታያል። የብሪጅድ መስቀል ይሉታል። ከጀርባው ያለው በዓል ኢምቦልክ ነው፤ ክረምቱ ተሰብሮ ጸደይ መመለሱ የሚበሰርበት የኬልቶች (የጥንቶቹ የአየርላንድና የአካባቢዋ ሕዝቦች) በዓል። ከ2023 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአየርላንድ የሕዝብ በዓል ሆኖ የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ሥራ ዝግ ነው። ፌብሩዋሪ 1 አርብ ላይ ከዋለ ደግሞ ዕረፍቱ ያው አርብ ይሆናል። የዕረፍቱ ቀን ወዲያና ወዲህ ቢልም በዓሉ ራሱ ቦታውን አይለቅም፤ ጃንዋሪ 31 ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ ፌብሩዋሪ 1 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ማታና ጥር 24 ማለት ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ኢምቦልክ የደጃፍ በዓል ነው። ውጭ ያለው ነገር በሥርዓት ወደ ቤት የሚገባበት፣ ቤት ያለው ነገር ደግሞ ለአንድ ሌሊት ውጭ የሚያድርበት ዋዜማ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከጌጡ ይበልጣል። ሃያ ሻማ አብርቶ፣ ጠረጴዛውን በአበባ ሞልቶ ቄጤማውን ቀን በኋላ በር አስገብቶ ያስቀመጠ ሰው የበዓሉን እምብርት ዘሎታል።

የጥንቱና የቅርቡ

ኢምቦልክ ከአራቱ የወቅት መክፈቻዎች አንዱ ነው። የቀሩት ቤልተነ (ሜይ 1)፣ ሉናሳ (ኦገስት 1) እና ሳውን (ኖቬምበር 1) ናቸው። ስሙ በጥንታዊው አይሪሽ «በሆድ ውስጥ» ማለት ነው ተብሎ ይተረጎማል፤ በጎች እርጉዝ ሆነው ጡታቸው ወተት የሚያግትበት ጊዜ ነውና። በ900 ገደማ የተጻፈው የኮርማክ የቃላት መፍቻ ስሙን ከበግ ወተት ጋር ያያይዘዋል። ያው መዝገብ ብሪጅድን የዳግዳ (የጥንት አየርላንዶች አምላክ) ልጅ፣ ባለቅኔዎች የሚሰግዱላት አምላክ ይላታል፤ በዚሁ ስም የሚጠሩ ሁለት እኅቶችም እንዳሏት፣ አንዷ የፈውስ ሌላዋ የአንጥረኞች እንደሆነች ይናገራል። በ525 ገደማ ያረፈችው የኪልዴር ቅድስት ብሪጅድ ስሟም ቀኗም ከዚህችው አምላክ ጋር አንድ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ከዚህ በታች የምትሠሯቸው ነገሮች፣ መስቀሉም ጨርቁም የገለባ ቀበቶውም፣ ከቅድመ ክርስትና ዘመን በጽሑፍ የደረሱን አይደሉም። የአየርላንድ ገበሬዎች እንደ ቅድስቲቱ በዓል አድርገው በየቤታቸው ሲያከብሯቸው የቆዩ ናቸው፤ የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሽንም በ1942 መጠይቅ በትኖ ብዙውን ከየአውራጃው ሰብስቦታል። የዛሬዎቹ ፔጋኖች (የጥንቱን አማልክት አምልኮ ዳግም የሚከተሉ ሰዎች) የወረሱት ይህንኑ ነው። «ዱሩይዶች፣ የኬልቶቹ ካህናት፣ እንዲህ ያደርጉ ነበር» የሚል መመሪያ ካገኛችሁ እለፉት።

ታላቅ የደመራ እሳትም የዚህ ቀን አይደለም። ያ የቤልተነ ነው። የኢምቦልክ እሳት የምድጃ እሳት ነው።

ዝግጅት

የዋዜማው ቀን ቤት ይጠረግ፤ ምድጃ ካለ አሮጌው አመድ ይውጣ። ለአራት ሰው ቤት የሚበቃው ይህ ነው፦ አንድ እቅፍ ቄጤማ (ለአንድ መስቀል 29 አገዳ ቢበቃም ስለሚሰበር 40 ቁጠሩ)፣ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ፣ ወፍራም ክር፣ አንድ ሊትር ክሬም፣ 450 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ ኪሎ ድንች፣ 300 ግራም ጎመን፣ ጥቂት ለጋ የሽንኩርት ቅጠል፣ አንድ ሻማ። ነጭ አበባ ካስፈለገ በዚያ ወቅት ከበረዶ ሥር የምትወጣው ስኖውድሮፕ ትበቃለች። ሽንኩርት መሳዩ ሥሯ መርዛማ ስለሆነ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከነሥሯ አታስገቧት።

ቄጤማው

የሚፈለገው ተክል በአየርላንድ እርጥብ መስክ ላይ በየቦታው ቁጥቋጦ ሠርቶ የሚበቅለው፣ አገዳው ክብ፣ ልሙጥና ጥቁር አረንጓዴ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነጭ የሆነ ሣር ነው። በበዓል ቤታችን ከምንጎዘጉዘው ቄጤማ ጋር ለዓይን ይመሳሰላል፤ የእኛው አገዳ ባለ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ነው ልዩነቱ። አየርላንዶችም በዚህ ዋዜማ ደጃፋቸው ላይ ይጎዘጉዙት እንደነበር ሲታወቅ ነገሩ ለእኛ ሰው ባዕድ አይሆንም።

ልማዱ መንቀል እንጂ ማጨድ አይደለም። ምክንያቱ የእምነት ብቻ አይደለም። በማጭድ ሲታጨድ የታችኛው፣ ወፍራሙና ብርቱው ክፍል መሬት ላይ ይቀራል፤ ለመስቀሉ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። አንድ አገዳ ብቻ ከሥሩ አጠገብ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ነጩ ጫፍ ከሽፋኑ ሾልኮ ሲወጣ እንደ ጩኸት ያለች ድምፅ ያሰማል፤ ያኔ በትክክል ተነቅሏል። ብዙውን ባንድ እጅ ጨምድዶ መሳብ ግን ይቆርጠዋል፣ መዳፍንም ይሰነጥቃል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያላነሰውን ምረጡ፤ ጫፉ ቡናማ የሆነውንና አበባ ያለበትን ተዉት። መስኩ የገበሬ ርስት ነውና ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ይህን ቀን የሚያውቅ ገበሬ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

ቀድሞ የተነቀለ ከሆነ እርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ቄጤማ በማይገኝበት ከተማ የስንዴ አገዳ ይሆናል። ገለባ ግን ደረቁን ሲታጠፍ ስለሚሰበር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፍዘፍ። ስንደዶና አክርማ የለመደ እጅ ይህን ሥራ ከማንም ቀድሞ ይይዘዋል።

ቄጤማው ከመጣ በኋላ ቤት አይገባም። በር አጠገብ ወይም ደጅ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ማታን ይጠብቃል።

ማስገባት

በዚያ ቀን ደብሊን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በአገሩ ሰዓት 5፡00፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱ ሲቃረብ ከቤቱ ሴቶች ወይም ልጃገረዶች አንዷ ብሪጅድን ሆና ትወጣለች። ቄጤማውን ታቅፋ ቤቱን ሦስት ጊዜ በፀሐይ አዟዟር፣ ማለትም ቤቱ ሁልጊዜ በቀኝ እጇ በኩል ሆኖ፣ ትዞራለች። አፓርታማ ከሆነ ሕንፃውን መዞር ወይም በሩ ፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ መዞር ይበቃል።

ከዚያ በሩን አንኳኩታ እንዲህ ትላለች፦ «ተንበርከኩ፤ ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ብሪጅድን አስገቧት።» ውስጥ ያሉት ደግሞ «እንኳን ደህና መጣች፤ እመቤቲቱ ትግባ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ከአይሪሹ በትርጉም የመጣ ነው፤ በአማርኛ መባሉ አንዳች አያጎድልበትም። በቤት ውስጥ ያሉት በእውነት ሊንበረከኩ ይገባል። ብዙ ጊዜ ይህ ቦታ በሳቅ ይበላሻል፣ በተለይ ሰው ሞባይል አውጥቶ መቅረጽ ሲጀምር። ስልኮቹ ከመጀመሩ በፊት ይሰብሰቡ።

ቄጤማው ገብቶ የሚቀመጠው ከገበታው ሥር ነው። እራቱ በእሱ ላይ ይበላል፤ መስቀሉ የሚሠራውም ከእራት በኋላ ነው።

እራቱ

ቅቤ የዚህ ማታ ዋና ነገር ነው። ወራት በደረቅ ድርቆሽ የቆየች ላም ወተቷ ይመለሳልና አዲስ ቅቤ ሳይናጥ ዋዜማው አይሞላም። ከሰዓት በኋላ ናጡት። ስቡ ከ35 በመቶ ያላነሰ ክሬም ከፍሪጅ አውጥታችሁ 15 ዲግሪ እስኪደርስ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ከዚያ ሰፊ አፍ ባለው ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉትና ግጠሙት። ከግማሽ ካለፈ ክሬሙ የሚላጋበት ቦታ አያገኝም። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይናጣል። በመጀመሪያ ይወፍርና ድምፁ ይጠፋል፤ ጀማሪ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሉ። በድንገት «ጧ» ብሎ ይለያል፤ ቢጫው እብጥ ወደ አንድ ወገን፣ አሬራው ወደ ሌላው። አንድ ሊትር ክሬም ከ400 እስከ 450 ግራም ቅቤ ይሰጣል። አሬራውን ለዳቦ አስቀሩ፤ ቅቤውን ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ በቀዝቃዛ ውሃ እሹት፤ ካልታጠበ በሁለት ቀን ይቆመጥጣል። ጨው ከፈለጋችሁ ለ400 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

አልለይ ካለ መንስኤው ሙቀቱ ነው። ክሬሙ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ደፍኖ ይቀራል፤ ማሰሮውን ለሁለት ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ከ20 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ቅቤው ቅባት ሆኖ እጅ ላይ ይቀልጣል፤ ያኔ ፍሪጅ ይግባ። ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ በከፍተኛ ሙቀት የታሸገ ክሬም ማወፈሪያ ስላለበት በጣም ያስቸግራል።

ለዳቦው 450 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ። ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር አሬራ አፍስሱበት። ልብ በሉ፤ ካልተረጋ ክሬም የወጣ አሬራ አይኮመጥጥም፣ ሶዳው ደግሞ ያለ ኮምጣጣ ነገር አይነፋም። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። እንደ እንጀራ ሊጥ አይቦካም፣ እንደ ድፎ ዳቦም አይታሽም፤ ዱቄቱ እስኪያያዝ ብቻ ይነካካና ወዲያው ወደ ምድጃ ይገባል። ከታሸ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዘገየም አየሩ አምልጦ ይደፈጠጣል። ላዩን በመስቀል ምልክት ጥልቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ መሐሉ የሚበስለው በዚያ ነው። በ220 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ በ200 ደግሞ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ሥሩን ሲያንኳኩት ባዶ ዕቃ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ደርሷል።

ድንቹ ይቀቀል፣ በ150 ሚሊ ሊትር ትኩስ ወተት ይፈጭ፤ የተቀቀለውና የተጨመቀው ጎመን ከሽንኩርት ቅጠሉ ጋር ይቀላቀልበት። ኮልካነን ይሉታል። ሳህኑ ላይ ከተቆለለ በኋላ መሐሉ በማንኪያ ይጎደጎድና ቅቤው እዚያ ይቀልጣል፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ከዳር ተወስዶ በቅቤው ይጠቀሳል። ጎመኑ በደንብ ካልተጨመቀ ሁሉም ሾርባ ይሆናል።

መስቀሉ

ገበታው ሲነሣ ቄጤማው ከሥር ይወጣል። ሁሉንም በአንድ ልክ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡ። ከማጠፍ በፊት የእያንዳንዱን መካከል በአውራ ጣት ጥፍር ሳይሆን በጣት ሥጋ ጨፍልቁት፤ ሳይጨፈለቅ የታጠፈ አገዳ ይሰነጠቃል።

1. አንዱን አገዳ ሳታጥፉ ቀጥ አድርጋችሁ በግራ እጅ ያዙ።

2. ሁለተኛውን ከመካከሉ አጥፉና በመጀመሪያው ወገብ ላይ አንጠልጥሉት፤ ሁለቱም ጫፎች ወደ ቀኝ ይመልከቱ።

3. መገናኛውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ሁሉንም ሩብ ዙር ወደ ግራ (ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ) አዙሩ። አሁን የሁለተኛው ጫፎች ወደ ላይ ያያሉ።

4. ሦስተኛውን አጥፉና ወደ ላይ የቆሙትን ሁሉ እንዲያቅፍ አድርጉ፤ ጫፎቹ እንደገና ወደ ቀኝ። ወደ መሐል አጥብቃችሁ ግፉት።

5. ሩብ ዙር ወደ ግራ፤ አዲስ አገዳ፤ ወደ ላይ የቆመውን ሁሉ ማቀፍ፤ ጫፍ ወደ ቀኝ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሥራ የለም፣ ይኸው ይደጋገማል። እያንዳንዱ አዲስ እጥፋት ከቀደመው ጎን፣ ከላዩ ሳይደረብ፣ ይተኛል።

6. በየክንዱ ሰባት ሰባት እጥፋት ሲሞላ (ከመጀመሪያው ጋር 29 አገዳ) መሐሉ ወጥ አራት ማዕዘን ይሆናል። የመጨረሻውን ጫፍ በአጠገቡ ባለው እጥፋት ሥር አሾልካችሁ ሳቡ።

7. አራቱን ክንዶች ከጫፋቸው 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ በክር ሸብቡና ጫፉን አስተካክላችሁ ቁረጡ።

ስህተቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሳያዞሩ ሁለት ጊዜ መጨመር። አንዱ ክንድ ከሌሎቹ ወፈር ብሎ ከታየ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ፍቱ፤ በጉልበት አይቃናም። ሌላው መላላት ነው። ቄጤማ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ዛሬ ለእጅ በቂ የመሰለ ሽብብ በሁለት ሳምንት ይላላና ክንዱ ይበተናል። ስለዚህ ክሩን ሦስት ጊዜ ጠምጥማችሁ እስኪነክስ አጥብቁት። የእጥፋቱ መሐልም በየሁለት ዙሩ በጣት ይጠበቅ። ለልጆች ሦስት ሦስት እጥፋት፣ 13 አገዳ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጣታቸው ይደክማል።

ጨርቁ ይውጣ

ወደ መኝታ ከመሄዳችሁ በፊት ብራት ብሪደ፣ የብሪጅድ መጎናጸፊያ፣ ደጅ ይሰቀላል። ነጠላ ወይም የአንገት ልብስ ያህል ይበቃል፤ በቁጥቋጦ ላይ፣ በመስኮት ደፍ ላይ ወይም በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ። በዚያ ሌሊት ብሪጅድ በየቤቱ ስታልፍ ትነካዋለች፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ራስ ምታት ላለበት ግንባር፣ ለምታምጥ ሴት፣ ለምትወልድ ላም ይታሰራል። እምነት ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድን አይተካም። ሲወጣ ርዝመቱን በስንዝር ወይም በሜትር ለኩ፤ ጠዋት ዳግም ይለካል፤ ረዝሞ ከተገኘ የበረከት ምልክት ነው ይባላል። ሰው ሠራሽ ጨርቅ አትጠቀሙ። ጥጥና ተልባ እግር ጤዛውን ይጠጣሉ፤ ፖሊስተር ያንሸራትተዋል፣ ነፋስም ይዞት ይሄዳል። የአየርላንድ የጃንዋሪ ነፋስ ቀላል አይደለምና በመቆንጠጫ ያዙት።

ምድጃ ያለው ቤት ፍሙን በአመድ ያዳፍናል፤ አመዱም በእጅ ለስልሶ ይታደራል። ምድጃ የሌለው በመስኮት ሻማ ያበራል። ሻማው መጋረጃ አጠገብ አይሁን፤ ሳይጠፋም አይታደር።

ሰው ከበዛ ሌላም አለ። የክሪስ ብሪደ ቀበቶ ከገለባ የተገመደ፣ ሁለቱ ጫፍ የተቋጠረ ገመድ ነው። 3.5 ሜትር ከሆነ ትልቅ ሰው ያሾልካል። በቀኝ እግር እየቀደሙ ሦስት ጊዜ ያልፉበታል፣ ለዓመቱ ጤና። ብሪዶግ ደግሞ ነጭ የለበሰች የገለባ አሻንጉሊት ናት፤ ልጆች ይዘዋት ከቤት ቤት ሲዞሩ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ቡሄን ለሚያውቅ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። በኬሪ አውራጃ፣ በተለይ በኪሎርግሊን፣ የገለባ ቆብ ያጠለቁ «ቢዲዎች» ዛሬም ይዞራሉ።

ማለዳ

ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ቀድማችሁ ተነሡ። አመዱ ላይ ምልክት ካለ ተመልከቱ፤ በስኮትላንድ ደሴቶች የብሪጅድን ዱካ ወይም የበትሯን አሻራ ይፈልጉ ነበር። ጨርቁ ከነጤዛው ይግባ፤ አይታጠብም፣ በጥላ ይደርቃል፣ ታጥፎ ይቀመጣል።

በዚህ ቀን መንኮራኩር አይዞርም የሚል ብርቱ ልማድ አለ፤ ጋሪ አይነዳም፣ አይፈተልም። መኪና ሳይነዱ መዋል ለብዙው ሰው አይሆንም፤ የሚችል ግን ቢሞክረው ቀኑ ሌላ ይሆንለታል።

ከቤት መውጣት የሚፈልግ ኪልዴር ይሂድ። ጸሐፊው ጄራልድ ዘዌልስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የማይጠፋ እሳት እንዳለባት የጻፈላት ከተማ ናት፤ እሳቱ በ1993 ዳግም ተለኩሶ ዛሬ በሶላስ ብሪደ ማእከል ይጠበቃል። ወደ ብሪጅድ ምንጮች የሚሄድ ዛፍ ላይ የሚያስረው ቁራጭ ጥጥ ወይም ሱፍ ብቻ ይሁን። ሐሳቡ ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙ አብሮ እንዲያልቅ ነው፤ ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ ቅርንጫፉንም ያንቃል። የታራ ተራራ ላይ ያለው የታጋቾች ጉብታ የሚባል የጥንት መቃብር ደግሞ በዚህ ሰሞን የንጋት ፀሐይ ወደ ውስጡ ትገባለች። ጉብታው ግን ከኬልቶች እጅግ ይቀድማል፤ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። መግቢያው በብረት በር ስለተዘጋ ከውጭ ነው የሚታየው።

መስቀሉ ከመግቢያው በር በላይ፣ ከውስጥ በኩል ይሰቀላል። ጥንት በበረትም ይሰቀል ነበር። ከምድጃና ከማብሰያ በላይ አታድርጉት፤ በወር ውስጥ ደርቆ እንደ ችቦ የሚነድ ነገር ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይም ይሻግታል፤ ከመስቀላችሁ በፊት አየር በሚገኝበት ቦታ ሳምንት ይድረቅ። አረንጓዴው ወደ ወርቃማ ቡናማ ይለወጣል፣ ይህ ጤናማ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ሲሠራ አሮጌው በአንዳንድ ቤት በምድጃ ይቃጠላል፣ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ከጣሪያው ሥር ከቀደሙት ጋር ይደረደራል፤ ከመስቀሎቹ ብዛት የቤቱ ዕድሜ ይቆጠር ነበር።